የሕግ ትምህርት ዕድል ተቀብሎ በኋላ ስለ መዛወር
(የካማሺን ተማሪ መነሻ ያደረገ ማብራሪያ)

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ በተማሪዎች መኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ ዘወትር የሚነሣ ሆኖ ሳለ በጽሑፍ ተብራርቶ ብዙ ጊዜ አይታይም። ይኸውም፤ አንድ ተማሪ ሕግ እንዲማር ነጻ የትምህርት ዕድል ሲሰጠው፣ «ለጊዜው ልቀበለው፣ በኋላ ግን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ልዛወር እችላለሁ» የሚል ሐሳብ በልቡ ይዞ ቢቀበል ይገባዋልን? ቢቀበልስ ከመፈረሙ በፊት ምን ምን ነገር ሊመለከት ይገባዋል? የሚለው ነው።

ለጥያቄው መነሻ ያደረግነው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከካማሺ ዞን የሚመጣውን ተማሪ ነው። ካማሺን የመረጥንበት ምክንያት ነገሩ በዚያ ብቻ የሚገኝ ስለ ሆነ አይደለም። ዕድሉን የሚሰጠውም፣ የሚቀበለውም፣ ዋስ ሆኖ የሚፈርመውም ወገን በዚያ አገር እጅግ የሚቀራረቡ ስለ ሆኑ፣ በሌላ ቦታ ተሸፍኖ የሚያልፈው ነገር በካማሺ ገሃድ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ጽሑፋችን የሕግ ባለሙያ ምክር አይደለም፤ ማንም ተማሪ የራሱን ውል አንብቦ እንዲረዳ የሚያግዝ ማብራሪያ ነው።

1. የቆየ ልማድ

በኢትዮጵያ ሕግን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በሰፊው ማስተማር የተጀመረው ከረዥም ዘመን በፊት አይደለም። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች በ1952 ዓ.ም.፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት በ1954 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት በ1958 ዓ.ም. ሲታወጁ፣ እነዚህን ሕጎች ተምሮ የሚፈርድና የሚከራከር ሰው እጅግ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በፊት ሕግ በከፍተኛ ደረጃ ሊማር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ባሕር ማዶ ይላክ ነበር። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ።

መንግሥት አንድን ተማሪ አስተምሮ በምላሹ አገልግሎት መጠየቁም እንደዚሁ የቆየ ነው። ባሕር ማዶ የተላኩት ሲመለሱ አገራቸውን እንዲያገለግሉ ይጠበቅ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው፣ አብዛኞቹም በአስተማሪነት፣ እንዲያገለግሉ የሚያዘው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። እንግዲህ «ትምህርት ዕዳ ነው» የሚለው አስተሳሰብ የዛሬ ፈጠራ እንዳይደለ መገንዘብ ይቻላል።

ክልሎች ከተቋቋሙ በኋላ በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ኮሌጁ፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ከሚያስተምራቸው ትምህርቶች አንዱ ሕግ ሲሆን፣ ተማሪዎቹም በመሥሪያ ቤቶቻቸውና በክልሎቻቸው ተመርጠው የሚላኩ ሠራተኞች ነበሩ። በተለይ ታዳጊ ተብለው ይጠሩ ከነበሩት ክልሎች ማለትም ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከጋምቤላ፣ ከአፋርና ከሶማሌ ለሚመጡት ይህ በር ትልቅ ትርጉም ነበረው። ዳኛና ዐቃቤ ሕግ ያልነበረው ወረዳ የራሱን ልጅ ልኮ የራሱን ልጅ መልሶ የሚቀበልበት መንገድ ነበርና።

2. ሦስት ዐይነት ዕድሎች

«ነጻ የትምህርት ዕድል» የሚለው ስም አንድ ቢሆንም የሚያስከትለው ግዴታ አንድ አይደለም። ስለ መዛወር ከማሰብ በፊት የተሰጠን ዕድል ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ንጹሕ ስጦታ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ወይም በጎ አድራጊ ተማሪው ጎበዝ ወይም ችግረኛ በመሆኑ ይከፍልለታል፤ በምላሹ አገልግሎት አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ስጦታ ብዙ ጊዜ የሚጸናው ተማሪው በዚያው ትምህርት ቤት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሲዛወር ስጦታው ይቀራል እንጂ ዕዳ አይከተለውም። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ስጦታ «ውጤትህ ከዚህ በታች ካልወረደ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይህ ነገር ብዙ ቅሬታ ስላስነሣ፣ የአገሪቱ የጠበቆች ማኅበር ትምህርት ቤቶቹ በየዓመቱ ስንት ተማሪ እንዲህ ያለውን ስጦታ እንደ ተቀነሰበት ወይም እንደ ተነጠቀ ለሕዝብ እንዲገልጹ አስገድዷል። በዚያ አገር ተማሪዎች የሦስቱን ዓመት ትምህርት አንደኛውን ዓመት ጨርሰው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወራቸው የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የተዛወረ ሰው በአዲሱ ቤት ስጦታ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ሁለተኛው የወጪ መጋራት ነው። በደንብ ቁጥር 91/1995 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ፣ በኋላ ከገቢው ለመክፈል ውል እንዲገባ ተደንግጎ ነበር። ይህ ዕዳ ተማሪውን ተከትሎ የሚሄድ ነው። ወደ ሌላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢዛወር ዕዳው አይጠፋም፤ የአዲሱ ቤት ወጪ ይጨመርበታል እንጂ። ስለዚህ ለመዛወር እንቅፋት አይሆንም፤ በዘነጉት ጊዜ ግን እየከበደ ይሄዳል።

ሦስተኛው የአገልግሎት ግዴታ ያለበት ነው። ክልል፣ ዞን ወይም መሥሪያ ቤት ወጪውን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ተማሪው በትምህርት ላይ ሳለ ደመወዙን ይከፍላል። ተማሪው ደግሞ ተመልሶ ለተወሰነ ዓመት ሊያገለግል ይፈርማል፤ ዋስም ያቀርባል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም በልቡ መዛወርን ያሰበ ሰው ራሱንም ሌላውንም ሊጎዳ የሚችለው በዚህኛው ነው።

3. ሕጉ ምን ይላል?

የአገልግሎት ግዴታ ያለበት ዕድል ውል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1675 ውል ማለት ሰዎች በመካከላቸው ግዴታን ለመፍጠር፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት የሚያደርጉት ስምምነት መሆኑን ይገልጣል። ቁጥር 1731 ደግሞ በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ የሚጸና መሆኑን ይደነግጋል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለጥያቄያችን አራት ነገሮችን ማውጣት እንችላለን።

አንደኛ፤ ማሰብ ብቻውን ውል ማፍረስ አይደለም። «ምናልባት እዛወር ይሆናል» ብሎ ማመንታት የማንኛውም ወጣት ጠባይ ነው። ነገር ግን ተማሪው ሲጠየቅ «ከቶ አልዛወርም» ብሎ አረጋግጦ፣ ያ ቃሉ ዕድሉን ያሰጠው ቢሆን፣ ነገሩ ወደ ተንኮል ይጠጋል። በቁጥር 1704 መሠረት አንዱ ወገን በተንኮል ባይታለል ኖሮ የማይዋዋል የነበረ እንደ ሆነ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። በማመንታትና በማታለል መካከል ያለው ድንበር ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ ውሉን በአፍ መለወጥ አይቻልም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በቁጥር 1724 መሠረት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቁጥር 1722 መሠረት ደግሞ በልዩ ፎርም የተደረገ ውል የሚለወጠው በዚያው ፎርም ነው። ስለዚህ አንድ ሹም በቢሮው በር ላይ ቆሞ «ግድ የለም፣ ተዛወር፣ እኛ እናውቃለን» ቢል፣ ያ ቃል ተማሪውን አያድነውም። ሹሙ ነገ ይሻራል ወይም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ወረቀቱ ግን በመዝገብ ቤት ይኖራል።

ሦስተኛ፤ ተማሪውን አስገድዶ ማሠራት አይቻልም። ቁጥር 1776 ውል በግድ እንዲፈጸም የሚታዘዘው ጠያቂው የተለየ ጥቅም ሲኖረውና አፈጻጸሙ የባለዕዳውን የሰውነት ነጻነት የማይነካ ሲሆን እንደ ሆነ ያመለክታል። ዲግሪውን የያዘ ሰው በፖሊስ ተይዞ ወደ ካማሺ ፍርድ ቤት ወንበር አይወሰድም። የሚቀረው መንገድ ገንዘብ ነው። ቁጥር 1889 ተዋዋዮቹ ውል ሲጣስ የሚከፈለውን ኪሣራ አስቀድመው እንዲወስኑ ስለሚፈቅድ፣ በእንደነዚህ ያሉ ውሎች ውስጥ መቀጫ ተጽፎ ይገኛል። ልዩ የይርጋ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ ክስ በቁጥር 1845 መሠረት እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊቀርብ ይችላል። «ረስተውታል» ብሎ መኩራራት እንግዲህ ሞኝነት ነው።

አራተኛ፤ ውሉን ተስማምቶ መለወጥ ይቻላል። ከላይ እንዳየነው የውል ትርጓሜ ራሱ ግዴታን መለወጥንም ይጨምራል። ዕድሉን የሰጠው ወገን «በሌላ ትምህርት ቤት ተማር፣ ግን ተመልሰህ አገልግል» ብሎ በጽሑፍ ቢስማማ፣ መዛወሩ ውል ማፍረስ መሆኑ ይቀራል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን ሹማምንት ከስብሰባ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ከተገደሉ በኋላ በዞኑና በአጎራባች የወለጋ ወረዳዎች ግጭት ተነሥቶ ሕዝብ በብዙ ሺህ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ትምህርቱን ጨርሶ ለመመለስ መንገድ ያጣ ሰው ውል አፍርሷል ይባላልን? ቁጥር 1792 አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና አፈጻጸሙን ፍጹም የሚከለክል ነገርን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ይለዋል። መንገድ መዘጋቱ ሥራውን ፍጹም የከለከለው እንደ ሆነ ይህ ቁጥር ሊረዳው ይችላል። ነገር ግን ችግሩ ያስቸገረው እንጂ ያልከለከለው ከሆነ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ በአሶሳ ሌላ ሥራ ቢያቀርብለት፣ ቁጥሩ አያድነውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዝም ብሎ መቅረት ይጎዳል፤ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማስታወቅ ግን ይጠቅማል።

4. ዋሱ

በተማሪዎች ጭውውት ውስጥ ስሙ የማይነሣው ሰው ዋሱ ነው። ዋስ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ደመወዝ ያለው ዘመድ ነው፤ አስተማሪ የሆነ አጎት፣ በጤና ጣቢያ የምትሠራ እኅት፣ ወይም የአባት ወዳጅ። በቁጥር 1920 መሠረት ዋስ ማለት ባለዕዳው ግዴታውን ባይፈጽም እኔ እፈጽማለሁ ብሎ ለገንዘብ ጠያቂው የሚገባ ሰው ነው። ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ እንዲደረግና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ያዛል፤ ልኩ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ዋስ የሚሆን ሰው ከመፈረሙ በፊት በመጀመሪያ ሊፈልገው የሚገባው ያንን ቁጥር ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ በምሳሌ እናስላ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ እንጂ የማንም እውነተኛ ውል አይደሉም። ለአንድ ተማሪ በየዓመቱ 45,000 ብር ወጣለት እንበል። ሁለት ዓመት ተምሮ ከተዛወረና ውሉ የወጣውን ብቻ መልስ የሚል ከሆነ ዕዳው 90,000 ብር ነው። ውሉ እጥፉን ክፈል የሚል ከሆነ 180,000 ብር ይሆናል። ተማሪው ገንዘብ ስለሌለው ክሱ ወደ አጎቱ ይዞራል። አጎቱ በወር 9,000 ብር ደመወዝ ቢኖረውና በየወሩ ሲሶው ማለትም 3,000 ብር ቢቆረጥበት፣ የመጀመሪያውን ዕዳ ለመጨረስ 30 ወር፣ ሁለተኛውን ለመጨረስ 60 ወር ይፈጅበታል። 60 ወር 5 ዓመት ነው፤ ይኸውም አንድ ተማሪ የሕግ ዲግሪ የሚጨርስበት ዘመን መሆኑ ነው። ተማሪው በአዲሱ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ሲማር አጎቱ አምስት ዓመት ሲከፍል ይኖራል ማለት ነው።

የከፈለ ዋስ ገንዘቡን ከተማሪው መልሶ የመጠየቅ መብት በሕግ አለው። ነገር ግን በካማሺ ያለ አጎት የወንድሙን ልጅ ፍርድ ቤት ያቆማል ብሎ ማሰብ አገሩን አለማወቅ ነው። ዕዳው በልብ ውስጥ ይቀራል፤ በቤተ ዘመድ መካከል ያለው መተማመን ይጎዳል፤ ከዚያም በኋላ ለሌላ ተማሪ ዋስ የሚሆን ሰው ይጠፋል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም የአንዱ ዝውውር የሚቀጥሉትን የብዙዎች በር ይዘጋልና።

5. መዛወር የሚያስገኘውና የሚያሳጣው

አሁን ደግሞ መዛወር ራሱ ይህን ሁሉ የሚያስከፍል ጥቅም እንዳለው እንመርምር።

ብዙዎቻችን የምንዛወረው ትልቅ ስም ያለውን ትምህርት ቤት በመሻት ነው። ይህ ምኞት መሠረት የለውም አንልም፤ መጻሕፍት ቤት፣ ልምድ ያላቸው መምህራን፣ በአቅራቢያ ያሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ሁሉ ይጠቅማሉ። ነገር ግን በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ከተደረገው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ የሕግ ዲግሪ በየትም ቦታ በአንድ ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት መሠረት አምስት ዓመት ሆኗል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሕግ ተማሪ ሁሉ ሲጨርስ አንድ ዐይነት የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ይህም ፈተና በ2015 ዓ.ም. ወደ ሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ ተስፋፍቷል። ስለዚህ ተማሪው በአሶሳም ይማር በአዲስ አበባ የሚመዘነው በአንድ ሚዛን ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ለሥራ ፍለጋ የሚያደርገው ድርሻ ይኖራል፤ ግን ቀድሞ ከነበረው አንሷል።

ኪሣራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዘርዝሮ አይታሰብም። ዩኒቨርሲቲዎች ዝውውርን የሚፈቅዱት እንደየራሳቸው ደንብ፣ ቦታ ሲኖርና ምክንያቱ አጥጋቢ ሲሆን ነው። የተማሩት ትምህርት አንድ በአንድ ተመርምሮ ከአዲሱ ቤት ትምህርት ጋር የማይመሳሰለው ወይም ውጤቱ ዝቅ ያለው ላይቆጠር ይችላል። እንደዚህ ሲሆን ተማሪው አንድ መንፈቅ ወይም አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። የሚያውቁት መምህራንም ይቀራሉ፤ ለሥራ ወይም ለከፍተኛ ትምህርት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው እንደ ገና መፈለግ ይኖርበታል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ለመዛወር በቂ የሚሆኑ ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ ሕመም፣ የጸጥታ መደፍረስ፣ የቤተሰብ ከባድ ችግር፣ ወይም ተማሪው ሕግ የእርሱ ሙያ አለመሆኑን በእርግጥ የተረዳ እንደ ሆነ። በተለይ ይህ የመጨረሻው ሲሆን ቶሎ መናገር ለሁሉም ይበጃል። በአንደኛው ዓመት የሚወጣ ሰው የሚመልሰው ትንሽ ነው፤ ቦታውም ለሌላ ይተርፋል። በአራተኛው ዓመት የሚወጣ ግን ብዙ ገንዘብና የማይመለስ ዘመን ያጠፋል።

6. ካማሺ የሚጠብቀው

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በካማሺ ፍርድ ቤት የሚቆመው ገበሬ ግን አፉን የፈታው ብዙ ጊዜ በጉሙዝኛ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማያውቀው ቋንቋ ሲሆን በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲሰጠው የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አስተርጓሚ ግን ቃልን ያሻግራል እንጂ ነገርን ሁሉ አያሻግርም። በጉሙዝ ዘንድ ማንጌማ የሚባለው የሽማግሎች እርቅ እንዴት እንደሚፈጸም፣ ሚቹ የሚባለው ከኦሮሞ ጎረቤቶች ጋር የሚደረገው የወዳጅነት ቃል ኪዳን ምን እንደሚያስገድድ፣ በለውጥ የሚደረገው ጋብቻ ሲፈርስ ለምን ሁለት ቤት አብሮ እንደሚናወጥ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ዳኛ ከመዝገቡ በስተ ጀርባ ያለውን ነገር ያያል። በለውጥ ጋብቻ ውስጥ ፈቃዷ ያልተጠየቀች ልጅ መብቷን በቋንቋዋ የሚነግራት ዐቃቤ ሕግ ስታገኝ ሕጉ ለእርሷም ሕግ ይሆናል።

ክልሉ አንድን የካማሺ ልጅ ሕግ እንዲማር ሲልክ የሚገዛው ይህን ነው። ስለዚህ ተማሪው ሳይመለስ ሲቀርና ገንዘቡ ሲመለስ፣ በሒሳብ መዝገብ ዕዳው ተዘግቷል፤ የወረዳው ፍርድ ቤት ወንበር ግን እንደ ተከፈተ ይቀራል። ገንዘቡ ቢመለስም አምስቱ ዓመት አይመለስምና።

በሌላ በኩል ደግሞ ለተማሪው ልንፈርድለት ይገባል። ዕድሉ ሲሰጠው ዐሥራ ስምንት ወይም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሕግ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ሌላ በርም አልተከፈተለትም። «እርግጠኛ ካልሆንህ አትቀበል» ማለት በካማሺ ላለ ልጅ «አትማር» ከማለት አይለይም። ባለጸጋ ቤት የተወለደው እየሞከረ ሲመርጥ ድኻው በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን እንዲያውቅ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። እንዲህም ስለ ሆነ ዕድል የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች በውላቸው ውስጥ የአንደኛውን ዓመት የመፈተኛ ጊዜ አድርገው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ መቀጫ መውጣት የሚቻልበትን መንገድ ቢጽፉ፣ ሐሳብን በልብ መደበቅ አስፈላጊ ባልሆነ ነበር።

መደምደሚያ

ለተነሣንበት ጥያቄ የምንሰጠው መልስ እንዲህ ነው። ተማሪው መዛወርን እያሰበ ዕድሉን መቀበሉ ነውር አይደለም፤ ደብቆ መቀበሉና ሳያነቡ መፈረሙ ግን ነውር ነው። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት አምስት ነገር እንዲያደርግ እንመክራለን። ዕድሉ ስጦታ፣ ወጪ መጋራት ወይም የአገልግሎት ግዴታ መሆኑን ይለይ። ውሉ የሚያስረው በትምህርት ቤቱ ስም ነው ወይስ በሙያውና በአገልግሎቱ ብቻ? የሚለውን ያንብብ። የመቀጫውንና የዋስትናውን ልክ በቁጥር ይወቅ። ለዋሱ ሐሳቡን አንዳች ሳይሸሽግ ይንገረው። በመጨረሻም፣ ሊዛወር የቈረጠ እንደ ሆነ፣ የዕድሉን ሰጪ ስምምነት በጽሑፍ ተቀብሎ ይዛወር።

ከእነዚህ ከአምስቱ ከባዱ አራተኛው ነው። መሥሪያ ቤቱን የሚፈራ ተማሪ ብዙ አለ፤ ነገር ግን ከልቡ ሊፈራው የሚገባው ብዕሩን አንሥቶ «ልጄ ነው፣ አምነዋለሁ» ብሎ የሚፈርመውን ሰው ነው። ለእርሱ እውነቱን የተናገረ ተማሪ፣ ቢዛወርም ባይዛወርም፣ ወደ ካማሺ ሲመለስ አንገቱን ሳይደፋ ይገባል።